የክራንዝ ሃያ ሰባተኛ

ኦስዋልድ ክራንዝ የሚባለውን ሰው አይቼው አላውቅም። እኔ ለትምህርት ጀርመን አገር ስደርስ እሱ ከተቀበረ አራት ዓመቱ ነበር። ሆኖም በሕይወቴ ካወቅኋቸው ሰዎች ሁሉ እንደሱ የናቅሁት የለም። ሁለተኛ የማስቀምጠው ራሴን ነው፤ ወደዚያም እደርሳለሁ።

ሥራዬ የውሃ ፓምፕ መጠገን ነው። በሸዋ ሮቢት ዙሪያ ሽንኩርትና ማሾ የሚያለማ ገበሬ ሁሉ ተመስገንን ያውቃል፤ ስሜ የጠፋበት ደግሞ «ጀርመኑ» ይለኛል። በ1973 ዓ.ም. ድሬዝደን ተልኬ አራት ዓመት ሞተር ስፈታና ስገጥም ቆይቻለሁ። ከዚያ አገር ይዤ የተመለስኩት አንድ ሻንጣ መፍቻና አንድ ቋንቋ ነው። መፍቻዎቹ እስከ ዛሬ እንጀራዬ ናቸው። ቋንቋው ግን አርባ ዓመት ዝም ብሎ ተቀምጦ በስተርጅና አዋረደኝ።

ባለፈው ሰኔ ዮናስ ቤቴ መጣ። ዮናስ ሮቢ ወንዝ ዳር ሎጅ የሚያሠራ ባለሀብት ነው። አገሬው ከሐሩር ሸሽቶ ወደ ደጋ ይወጣል፤ እሱ ደግሞ ፈረንጅ ከደጋ ወርዶ እዚህ ይጠበስልኛል ብሎ ተስፋ ያደርጋል። በእጁ አንድ ወፍራም የጀርመንኛ መጽሐፍ ይዟል።

«ጋሼ ተመስገን፣ ተአምር አገኘሁ» አለኝ ገና ሳይቀመጥ። «በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሃያ ስድስት አውሮፕላን የጣለ የጀርመን ጀግና እዚህ እኛ አገር አርፎ ነበር። እዚሁ፣ ሮቢ ሜዳ ላይ! ሰዎቻችን ወተት አጠጥተውታል። የልጅ ልጁ በኢሜል አገኘኝና መጽሐፉን ላከልኝ። ሎጁን በስሙ ልሰይመው ነው። ጥር ላይ ሲመረቅ የልጅ ልጁም ይመጣል።»

«እና እኔ ምን ልሁን?»

«ታሪኩን አሳጥረው በአማርኛ ይጻፉልኝ። ቆንጆ አድርጌ አሳትመዋለሁ። ሽፋኑ ላይ ስምዎ ይወጣል፤ ‹ጀርመን አገር በተማሩት በአቶ ተመስገን የተዘጋጀ› ተብሎ።»

እውነቱን ልናገር፤ ካለው ሁሉ ልቤ ውስጥ የገባው ይኸ የመጨረሻው ነው። ስሜ እስከዚያ ቀን ድረስ የተጻፈው በመታወቂያና በደረሰኝ ላይ ብቻ ነበር። ስድሳ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ያልጎደለኝ ነገር፣ ዮናስ ሲጠራው ለካ ስመኘው ነው የኖርኩት።

መጽሐፉ ክራንዝ ስለ ራሱ ጽፎ፣ በራሱ ገንዘብ ያሳተመው ነው። አራት መቶ ገጽ። አባቱ መሬት ቀያሽ ነበሩ፤ ልጁ ግን ከመሬቱ ፈረሱን ወደደና ፈረሰኛ ወታደር ሆነ። ጦርነቱ ሲጀመር ፈረስ በመትረየስ ፊት ምን እንደሚሆን አየና ወደ አውሮፕላን ተዛወረ። በዚህስ አልፈርድበትም። ሰማይ ላይ ሲወጣ ቀናው። ፀሐይን ከኋላው አድርጎ፣ በጠላት ጀርባ በኩል እየመጣ፣ ገና ትናንት የመጡትን ልጆች እየመረጠ ይጥል ነበር። እሱ ይህን «የአደን ጥበብ» ይለዋል። እኛ አገር ከጀርባ ለሚተኩስ ሰው ሌላ ስም አለን።

እንዲህ እያለ ሃያ ስድስት ደረሰ። ሃያ ሰባተኛውን እሱና አንድ ሌላ አብራሪ እኩል ተኩሰውበት ስለነበር አለቆቹ ለሌላው መዘገቡለት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ክራንዝ ጤና አጣ። አገሩ ተሸንፋ፣ ንጉሡ ሸሽተው፣ ሕዝቡ የድንች ልጣጭ እየቀቀለ ሲበላ፣ ይኸ ሰውዬ «ሃያ ሰባተኛዬን መልሱልኝ» እያለ ደብዳቤ ይጽፍ ነበር። ዐሥራ አራት ደብዳቤ ቆጥሬያለሁ፤ ሁሉንም መጽሐፉ ውስጥ ከቷቸዋል። አውሮፕላኑ ውስጥ ተቃጥሎ የሞተው እንግሊዛዊ ልጅ ስም በአንዱም ላይ የለም።

ከሽንፈቱ በኋላ አገሩ የጦር አውሮፕላን እንዳትይዝ ስትከለከል፣ ክራንዝ የልብስ ስፌት መኪና ሻጭ ሆነ። ስለነዚያ ዓመታት የጻፈው አንድ ገጽ ተኩል ብቻ ነው፤ ያፍርባቸዋል። እኔ ግን በዕድሜው ለሰው የሚረባ ነገር የሠራው ያኔ ብቻ ይመስለኛል።

በኋላ አዲሶቹ ገዢዎች በርሊን ላይ ሥልጣን ሲይዙ የድሮ ጀግኖቻቸውን አሰባሰቡ። ክራንዝም በኮሎኔል ማዕረግ በአየር ኃይሉ መሥሪያ ቤት ሹም ሆኖ ተቀመጠ። የጠረጴዛው እንጨት ከየት እንደመጣ ሦስት ገጽ ጽፎለታል። ሁለት ስልክ ነበረው፤ አንዱ ጠርቶ አያውቅም፣ ግን ጥቁርና የሚያብረቀርቅ ነበር ይላል። በጦርነቱ ጊዜ አብሮት የበረረ፣ አንድ ቀን ከሞት ያዳነው አይሁዳዊ ጓደኛው እርዳኝ ብሎ ቢሮው ድረስ ቢመጣ ክራንዝ የጻፈው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ሥራ በዝቶብኝ ስለነበር ላነጋግረው አልተመቸኝም።» ይህን ያነበብኩ ቀን መጽሐፉን ወርውሬ ግድግዳ ላይ አላተምኩት። ከዚያ አንስቼ አቧራውን አራግፌ ቀጠልኩ፤ ሽፋን ላይ ስሜ ሊወጣ ነዋ።

በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን ሲወረን የበርሊን አለቆቹ ክራንዝን «ሄደህ አውሮፕላኖቻቸው እንዴት እንደሚሠሩ አይተህ ሪፖርት አምጣ» ብለው ላኩት። ከጣሊያን አብራሪ ኋላ ተቀምጦ አገራችንን ከላይ ቃኘ። ገጽ 212 ላይ የደረስኩት በሐምሌ አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። ቀኑን ወደኛ አቆጣጠር ስመልሰው ሚያዝያ 20 ይሆናል። እንዲህ ይላል፦

«ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ግድም። ከጣርማ በር ገደል ማዶ፣ ቆላው ውስጥ፣ በሁለት ኮረብታ መካከል የወንዝ መሻገሪያ። አንድ ሰው፣ አንድ ግመል። ግመሉ የእንጨት በር ተጭኗል። የኋላ መቀመጫው መትረየስ ከዚህ ከፍታ በአንድ ተንቀሳቃሽ ዒላማ ላይ ያለውን ብቃት ለመፈተሽ ሁለት ጊዜ አጠር አድርጌ ተኮስኩ። ሰውዬው ወደቀ። ግመሉ ቆሞ ቀረ። ውጤት፦ አጥጋቢ።»

ከገጹ ግርጌ በደቃቅ ፊደል ተጨምሯል። «የዚያን ዕለት የግል ማስታወሻዬ ላይ 27 ብዬ ጻፍኩ። ጣሊያኖቹ አይተው ሳቁ።»

ብዕሬን አስቀመጥኩ። ስለዚያ በር ሰምቻለሁ። እኔ ብቻ ሳልሆን የቁርቁራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ቁርቁራ ከሸዋ ሮቢት በባጃጅ ሄደው፣ ትንሽ በእግር የሚጨርሱት የቀወት መንደር ነው። ሃያ ዓመት ፓምፕ ስጠግንበት የኖርኩ ስለሆነ ታሪኩን ከየሰዉ አፍ ሰምቼዋለሁ። ጣሊያን በገባበት ወር ሷሊሕ የሚባል ገበሬ ለሚድረው ልጁ ቤት የዋንዛ በር ከደብረ ሲና ገዝቶ፣ በግመል ጭኖ ሲመለስ፣ ከመንደሩ በታች ባለው መሻገሪያ ላይ ሞቶ ተገኘ። የመታው አንድ ጥይት ነው። በትከሻው ገብቶ በጎኑ ወጥቷል፤ ከላይ ወደ ታች። ከመሻገሪያው በላይ ያለው ኮረብታ ደግሞ የሙሄ ነው። ሙሄ ውጅግራ ጠመንጃ ነበረው። ሙሄና ሷሊሕ በዚያው በጋ በውሃ ቦይ ተጣልተው ነበር። አውሮፕላንማ በየቀኑ ያልፋል፤ ሰው የሚያውቀው ግን ጦር በሰፈረበት ላይ ቦምብ ሲጥል ነው። ለአንድ ባላገርና ለአንድ ግመል ብሎ ማን ጥይት ከሰማይ ያወርዳል? እንዲህ ያለ ነገር የሚያስብ ሰው ቁርቁራ ውስጥ አልነበረም። የሚያስበው ሰው ያለው ሰማይ ላይ ነበር።

ነገሩ ወደ አበጋሩ ቀረበ። አበጋር ማለት በዚያ አገር ደም የሚያደርቅ፣ ቂም የሚፈታ ሽማግሌ ነው፤ ከአባት ለልጅ ይወርዳል። አበጋሩ ሙሄን ማል አሉት፤ ሙሄም ቁርአን ይዞ «አልገደልኩም» ብሎ ማለ። ደንቡ እንዲህ ነው፦ የማለ ሰው ዓመት ይጠበቃል። ዓመቱን በደኅና ከጨረሰ ነጻ ነው። በሐሰት ከማለ ግን መሐላው ይበላዋል፤ ወይ ራሱን፣ ወይ ልጁን፣ ወይ ከብቱን። ዓመቱ ሳይሞላ፣ ኅዳር ላይ፣ የሙሄ ሁለት ልጆች በአንድ ሳምንት ሞቱ። በኅዳር፣ በሮቢ ቆላ፣ ዝናቡ ካቆመ በኋላ ልጅ በምን እንደሚሞት ለማወቅ ሐኪም መሆን አያሻም። ወባ ነው። በዚያ ሰሞን የሌላውም ሰው ልጅ ሞቷል። ቁርቁራ ግን ተሰብስቦ «መሐላው በላው» አለ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚባለው ይኸ ነው። ለሰማንያ ዘጠኝ ዓመት የቆየ ፍርድ የፈረደች ወባ አስተላላፊ ትንኝ ናት ማለት ነው።

ሙሄ ካሳውን ከፍሎ ደሙ ደረቀ። አንድ ነገር ግን አልደረቀም፤ የሙሄ ቤት ሰው ቃል አይሰማም። በወሰን ይሁን፣ በጋብቻ፣ በከብት ክስ፣ ምስክር ሲቆጠር የሙሄ ዘር ይዘለላል። ለቅሶ ይደርሱታል፣ ሰላምታ ይሰጡታል፣ አብረውት ይበላሉ፤ አየሁ ካለ ግን አላየም፣ ሰማሁ ካለ አልሰማም። ሙሄ በዚህ ሁኔታ ሃያ ሁለት ዓመት ኖሮ ሞተ። በሕይወት የቀሩት ልጁ እትዬ መሊካ ብቻ ናቸው፤ ሰማንያ አምስት ዓመታቸው ነው።

በማግስቱ ዮናስ ዘንድ ሄጄ ገጹን አነበብኩለት። ሎጁ በር ላይ በላሜራ የተሠራ የአውሮፕላን ክንፍ እያሰቀለ ነበር። ጨርሶ አዳመጠኝ፤ ይህን አልነፍገውም።

«ይቺን ገጽ ይዝለሏት ጋሼ።»

«ሰው ገድሏል እኮ ነው የምልህ። የኛን ሰው።»

«ሃያ ስድስት ሰው ገድሎ አይደል ጀግና የተባለው? ሃያ ሰባተኛው ምን ተለየ?» አለና ስልኩን አውጥቶ ሽፋኑን አሳየኝ። ስሜ በቀዩ ሽፋን ላይ፣ ከክራንዝ ፎቶ በታች፣ ከጠበቅሁት በላይ ገዝፎ ተጽፏል።

ዘለልኳት። መዝለል ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ክራንዝ ከዚያ ቀን ሳምንት ቆይቶ ሞተሩ ስለጋለበት ሮቢ ሜዳ ላይ ማረፉን፣ ገበሬዎችም በታጠነ ቅል ወተት እንደሰጡት ጽፏል። «ጭስ ጭስ ስላለኝ ዞር ሲሉ ደፋሁት» ነው የሚለው። እኔ ምን ብዬ ጻፍኩ? «ኮሎኔል ክራንዝ የይፋትን ሰው እንደ ወዳጅ አየ፤ የቀረበለትንም ወተት በፍቅር ጠጣ።» ማንም ያላዘዘኝን፣ ዮናስ እንኳ ያላሰበውን ውሸት ከራሴ አወጣሁ። የፓምፕ ክፍል አሮጌውን አዲስ ነው ብዬ ሸጬ አላውቅም፤ ይህን ግን ሸጥኩ።

የቀረውንም የሰውዬውን ሕይወት ተረጎምኩ። ሁለተኛው ጦርነት ሲመጣ ክራንዝ አልበረረም፤ ፈረመ። ሞተሩ በአየር ላይ የሚነድ አንድ አውሮፕላን «ለአገልግሎት ብቁ» ብሎ ፈረመለት፤ ልጆች እየተቃጠሉ ሲወድቁ ጥፋቱን በሞተ መሐንዲስ አሳበበ። ጦርነቱ ሲያልቅ ሁለት ዓመት ታስሮ ተፈታ፤ ጡረታ ተቆረጠለት፤ ሚዳቋ እያደነ ኖሮ በሰማንያ አራት ዓመቱ አልጋው ላይ፣ ትራስ ተደግፎ ሞተ። መሐላ በላው የሚል ሰው አልነበረም።

መጽሐፉ መስከረም ላይ ታተመ። ዐሥር ቅጂ ተሰጠኝና ለጎረቤት አደልኩ። ሰው መንገድ ላይ እያስቆመ «ደራሲው!» ሲለኝ ፈገግ እል ነበር። ይህንንም አልደብቅም።

በጥቅምት አጋማሽ አንድ ማክሰኞ ቁርቁራ ፓምፕ ተበላሸ ተብዬ ወረድኩ። ፓምፑ ካለበት ጥቂት ራቅ ብሎ ዛፍ ጥላ ሥር ሽማግሌዎች ተሰብስበዋል። የአንድ ሰው ማሾ በከብት ተበልቶ ነበርና የማን ከብት እንደሆነ ያጣራሉ። መሐል የተቀመጡት ሼህ ነጅሙዲን ናቸው፤ የአሁኑ አበጋር፣ ያኔ ሙሄን ያስማሉት ሰው የልጅ ልጅ። አጠገባቸው ሰዲቅ ተቀምጧል፤ እሱ ደግሞ የሟቹ የሷሊሕ የልጅ ልጅ ነው።

«እኔ አይቻለሁ» አሉ እትዬ መሊካ ከዳር ሆነው። «ሲገቡ ደጄ ላይ ተቀምጬ ነበር። በቀንዳቸው እለያቸዋለሁ።»

ማንም ዞሮ አላያቸውም። ሰዲቅ በጨዋ ድምፅ «እትዬ፣ እርስዎ ይረፉ» አላቸው። ደግነት ነው የመሰለው። ከዚያ በቀደም ከሌላ መንደር ተድራ የመጣች፣ ገና የሰፈሩን ከብት ከሰፈሩ ፍየል ያልለየች ሙሽራ ጠርተው፣ ያየችው ነገር ካለ ጠየቋት። እትዬ መሊካ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሥተው ወደ ቤታቸው ሄዱ። አካሄዳቸው የለመደበት ሰው አካሄድ ነበር።

መፍቻውን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። አፈርኩ፤ ሌላ ስም የለውም። ክራንዝን ስንቀው የከረምኩት ሰውዬ፣ እሱ የተኮሰውን ጥይት በኪሴ ይዤ እየዞርኩ እንደነበር ያኔ ነው የገባኝ። ፓምፑን እንደተፈታ ትቼ ተከተልኳቸው።

ደጃቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ቆሜ፣ ሁሉንም፣ ሳላሳምር ነገርኳቸው። ስለ አውሮፕላኑ፣ ስለ ቀኑ፣ ስለ ገጹ፣ ስለ ዘለልኩትም።

ያለቅሳሉ ብዬ ነበር። «ግመሉ ምን ተጭኗል አለ?» ብለው ጠየቁኝ።

«በር።»

«የምን እንጨት?»

«እሱን አልጻፈም።»

«የት ያውቅና» አሉ ንቀት በተሞላ ድምፅ። «ዋንዛ ነው።» ከዚያ ቀጠሉ። «አባቴ ሊሞት ሲል ምን እንዳለኝ ታውቃለህ? ‹አልገደልኩም› አላለኝም። እሱን ማለት ከተወ ቆይቷል። ‹መሊካ፣ ምናልባት ሳላውቅ ገድዬው ይሆን?› አለኝ። ዐሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። ምን ብዬ ልመልስለት?»

ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱና ወደኔ ዞሩ።

«ይኸን መቼ አነበብክ?»

«በሐምሌ።»

«አሁን ጥቅምት ነው።» ቀና ብለው አዩኝ። «እኔ ሰማንያ አምስት ዓመቴ ነው። ሦስት ወር ከየት አምጥቼ ላበድርህ ነው?»

«ይቅር ይበሉኝ እትዬ።»

«እሱን በኋላ። ሐሙስ የመንደሩ ጀመዓ ይሰበሰባል። ለኔ ያልከውን እዚያ በል። ለኔ ብቻ ብትነግረኝ ምን ይረባኛል? እኔማ አውቅ ነበር።»

ሐሙስ ጠዋት የጀርመንኛውን መጽሐፍ ይዤ ወረድኩ። ለካ ዮናስ ቀድሞኛል። ለምረቃው ሃያ ሴቶች ቅል ወተት ይዘው ለክራንዝ የልጅ ልጅ እንዲያቀርቡ ሊለምን መጥቶ፣ ቀይ ሽፋኗን መጽሐፍ ለየሰዉ አድሏል። የስብሰባው ሰው ሁሉ በስሜ ያራግባል፤ ሙቀት ነበርና።

ሼህ ነጅሙዲን ፈቀዱልኝና ቆሜ ገጽ 212ን አንድ መስመር በጀርመንኛ፣ አንድ መስመር በአማርኛ እያልኩ አነበብኩ። በሩ ጋ ስደርስ የሰዉ ማራገብ ቆመ። ሃያ ሰባት የምትለዋ ጋ ስደርስ አንድ ሽማግሌ «ሱብሃነላህ» አሉ። ከኋላዬ ዮናስ «ጋሼ ተመስገን ሙቀቱ አድክሟቸዋል፣ ውሃ ስጧቸው» ሲል ሰማሁት።

ሰዲቅ ተነሣ። ክፉ ሰው አይደለም፤ አያቱን ሌላ ሰው ገደለው ሲባል የሚደነግጥ እንጂ የሚደሰት የለም።

«ጋሼ ተመስገን፣ የበሩን ነገር እዚህ ያልሰማ የለም። እርስዎም ፓምፕ ሲጠግኑ ሰምተውታል። እኔ ጀርመንኛ አላነብም። አማርኛ ግን አነባለሁ።» ቀይዋን መጽሐፍ ገለጠና ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ። «‹የይፋትን ሰው እንደ ወዳጅ አየ፤ የቀረበለትንም ወተት በፍቅር ጠጣ።› ይኸን ማን ጻፈው?»

«እኔ።»

«ያንን ማን አነበበው?»

«እኔ።»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ። እኛ የትኛውን ወረቀት እንያዝ?»

የጻፍኩት ዓረፍተ ነገር በሰዲቅ አፍ ሲነበብ ከክራንዝ የባሰ ቀፈፈኝ፤ እሱ እንኳ መድፋቱን አልደበቀም።

«ውሸት የጻፍኩት እዚያ ነው» አልኩ። «ዛሬ የምለው እውነት ነው። እምላለሁ።»

ሼህ ነጅሙዲን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ቃልህ አንዴ ተሰብሯል። በደንባችን ቃሉ የተሰበረ ሰው ብቻውን አይምልም። ዛሬ እውነት መናገርህን የሚመሰክርልህ አንድ ሰው አቅርብ።»

ዙሪያዬን አየሁ። ከመካከላቸው ፓምፑን ያልጠገንኩለት ሰው ጥቂት ነው። አንዱ ጫማውን ያያል፣ አንዱ ጢሙን ያሻሻል። አልተቀየምኳቸውም፤ እኔም ብሆን ለእንደኔ ያለ ሰው አልመሰክርም። ዮናስ ስልኩ ላይ አጎንብሷል።

«እኔ እመሰክርለታለሁ።»

እትዬ መሊካ ከሴቶቹ መካከል ተነሥተው ቆመዋል። ጉርምርምታ ሆነ። «የሙሄ ቤት እኮ...» አለ አንዱ፤ አልጨረሰውም። «እሳቸው ለአባታቸው ነው የሚናገሩት» አለ ሰዲቅ፣ «ባለጉዳይ አይመሰክርም።»

ሼህ ነጅሙዲን እትዬ መሊካንና ሰዲቅን ተራ በተራ አዩ። ምን እንደሚያስቡ መገመት አይከብድም ነበር። እኚህን ሴት ከሰሙ፣ አያታቸው በሙሄ ላይ የፈረዱትን ፍርድ በገዛ እጃቸው ማፍረሳቸው ነው። ዝም ካሉ ደግሞ ማንም አይወቅሳቸውም፤ ነገሩ እንደነበረ ይኖራል፣ እትዬ መሊካም ብዙ አይቆዩም።

«ስለ አባታቸው አልጠየቅናቸውም» አሉ በመጨረሻ። «የምንጠይቃቸው ስለዚህ ሰውዬ ነው፤ በሱ ነገር ባለጉዳይ አይደሉም። ሰዲቅ፣ ደሙ የናንተ ነው። ይሰሙ ትላለህ ወይስ አይሰሙ?»

ሰዲቅ ቀይዋን መጽሐፍ አጠፋት፣ ዘረጋት፣ መልሶ አጠፋት። ፊቱ ላብ በላብ ሆኗል።

«ይናገሩ» አለ፣ ለመስማት በሚያስቸግር ድምፅ።

«መሊካ ሙሄ፣ ይቅረቡ።»

በአባታቸው ስም ተጠርተው በሽማግሌ ፊት ሲቆሙ ይኸ የመጀመሪያቸው ነው። ቀስ ብለው መጡ። ጣታቸውን ወደኔ ቀሰሩ።

«ይኸ ሰውዬ ውሸታም ነው» አሉ። «ለስሙ ብሎ ሦስት ወር ዋሽቷል። ማክሰኞ ቤቴ መጥቶ መዋሸቱን በራሱ አፍ ነገረኝ። ማንም አላስገደደውም። ባይመጣ ኖሮ እኔም አላውቅ፣ እናንተም አታውቁ፣ እሱም ደራሲ እየተባለ ይኖር ነበር። ሰው ራሱን ለማዋረድ ብሎ አይዋሽም። ወላሂ፣ ዛሬ የተናገረው እውነት ነው።»

ሼህ ነጅሙዲን ዓይናቸውን በጀመዓው ላይ አዞሩ። «ሰማችሁ?»

መጀመሪያ አንድ ሁለት ሰው፣ ከዚያ ብዙው «ሰማን» አለ። ሰዲቅ የመጨረሻው ነበር፤ እሱም «ሰማሁ» አለ።

ያበቃ መስሎት ሰው መንቀሳቀስ ጀመረ። እትዬ መሊካ ግን ከቆሙበት አልተነቃነቁም።

«አሁን ስለ አባቴ ጠይቁኝ» አሉ።

ሰው ሁሉ መልሶ ተቀመጠ፤ ሼህ ነጅሙዲንም ጠየቋቸው።